በፎቶ የፈረምኩባቸው ማንኪያዎች

በእጅህ ላልነካኸው ዕቃ ፈርመህ ታውቃለህ? እኔ ፈርሜያለሁ። ላፕቶፔ ላይ፣ ከአሥራ ሁለት ማንኪያዎች ፎቶ ሥር፣ ስሜ ከነማዕረጉ ተጽፏል፦ «ጥንታዊ፣ በብር የተለበጡ፣ እውነተኛ።» የኢንተርኔት ጨረታው ሊዘጋ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ቀርቶታል፤ እኔም ምሳዬን ትቼ ስክሪኑ ላይ አፍጥጫለሁ።

ምሳዬን ያስተወኝ አንዲት አስተማሪ ከፎቶው ሥር የጻፈችው ነው። «እነዚህን የሚመስሉ የእናቴ ማንኪያዎች ቤታችን ሲቃጠል ጠፉ። ስድስት ዓመት ሙሉ ፈልጌያለሁ። እርስዎ እውነተኛ ናቸው ካሉ ዓይኔን ጨፍኜ ጨረታው ውስጥ እገባለሁ።» ዓይኔን ጨፍኜ! እኔስ ስፈርም ገልጬው ነበር?

«ዶክተር ማንኪያ፣ ሾርባው ቀዘቀዘ» ይላል ታላቅ ወንድሜ። ሰዓት ጠጋኝ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ዘንድ ይበላል፣ ይቀልድብኛል።

«ጋሼ፣ ተወኝ እስቲ።»

«ከፈረምሽ በኋላ ነው የምታፈጥጪበት? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!»

እውነቱን ነው። የጥንት ዕቃ መርማሪ ነኝና አጫራቹ ድርጅት በቀን የሠላሳ ዕቃ ፎቶ ይልክልኛል። ከጀርባ ያለውን የሠሪውን ማኅተም አጉልቼ አያለሁ፤ ማኅተሙ ልክ ከሆነ እፈርማለሁ። የእነዚህም ልክ ነው። ጫፋቸው ላይ ብሩ አልቆ መዳቡ ቀልቶ ይታያል፤ ይህንንም «የዘመን ምስክር» ብዬ አሞግሼዋለሁ፣ እኔ ጅሏ!

ወንድሜ ማንኪያውን ወደ አፉ ሲያነሣ ዓይኔ እዚያው ይቀራል። ከእናታችን የቀረልን ማንኪያ ነው። አርባ ዓመት ሳህን ሲጠርግ ኖሮ ጫፉ በግራ በኩል ብቻ ተበልቷል። በቀኙ የሚበላ ሰው ሳህኑን የሚፍቀው በማንኪያው ግራ ጠርዝ ነው። ይህን ለስንቱ ተማሪ አስተምሬያለሁ!

ወደ ስክሪኑ እመለሳለሁ። የመጀመሪያው በቀኝ በኩል አልቋል። ሁለተኛውም በቀኝ። አሥራ ሁለቱም በቀኝ፣ ያውም እኩል። ፎቶው ግራና ቀኙ ተገልብጦ ይሆናል ብዬ እጀታው ላይ የተቀረጸውን ፊደል አያለሁ። ፊደሉ ቀጥ ብሎ ይነበባል።

«ጋሼ፣ አሥራ ሁለት ግራኝ አንድ ገበታ ላይ አይተህ ታውቃለህ?»

«ሰርግ ላይ እንኳ አላየሁም» ብሎ ይስቃል። ፊቴን ሲያይ ሳቁን ይተዋል፤ መነጽሩን አድርጎ ስክሪኑ ላይ ያጎነብሳል። «ይሄ እኮ በመብላት ያለቀ አይደለም። የሚሽከረከር ድንጋይ ላይ ተፍቆ ነው። የፋቃቸው ሰው ሁሉንም አንድ ዓይነት አያያዝ ይዟቸዋል። እኔም የሰዓት ክዳን ስወለውል እንዲሁ ነኝ፤ እጅ አንዴ ከለመደ አይቀየርም።»

አሥራ አንድ ደቂቃ። ለድርጅቱ ኃላፊ ደውዬ የሆነውን እነግረዋለሁ።

«እታለም፣ ሻጩ የቆየ ደንበኛችን ነው» ይላል። «ለዛሬ ሆድ ይፍጀው በይ።»

«ጨረታውን አስቁመው ነው የምልህ!»

«በማን ፊርማ ወጣና? ባስቆመው የሚጠፋው የማን ስም ነው? ሃያ ሁለት ዓመት የለፋሽበት ስም እኮ ነው!»

ጆሮው ላይ እዘጋበታለሁ። የሚያቃጥለኝ ግን ያለው ልክ መሆኑ ነው። ዛሬ ተሳሳትኩ ካልኩ፣ ነገ እስከ ዛሬ የፈረምኩትን ሁሉ ይጠረጥሩታል። ማነው ከእንግዲህ በእኔ ቃል የሚያምን? ስክሪኑ ብልጭ ይላል። አስተማሪዋ ዋጋ ጨምራለች።

አምስት ደቂቃ። ጣቶቼ ፊደል ይስታሉ፤ አጠፋለሁ፣ ከፎቶው ሥር እንደገና እጽፋለሁ። «እነዚህን ማንኪያዎች እውነተኛ ያልኩት እኔ ነኝ። በእጄ ሳልነካ ፈረምኩ፤ ተሳሳትኩ። በመብላት ያለቁ አይደሉም፤ ሆን ተብሎ ተፍቀዋል። እህቴ፣ ይቅርብሽ።» ጣቴ መላኪያው ቁልፍ ላይ ይቆማል።

«እህ?» ይላል ወንድሜ ቀስ ብሎ።

እጫነዋለሁ።

ስልኬ ወዲያው ይጮኻል። ኃላፊው ነው። አላነሣም። መልእክት ይከተላል፦ «አሁኑኑ አጥፊው። ከሻጩ ጋር አገናኝሽና ሦስታችን በስልክ እንጨርሰዋለን።»

ወንድሜ ስልኬን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ይደፋዋል። እኔ አንድ መስመር ዝቅ እላለሁ። እንደገና እጽፋለሁ፦

«ሻጩ፣ እነዚህን ማንኪያዎች ማን ፋቃቸው? የድርጅቱ ኃላፊ፣ ደውዬ ነግሬዎት ጨረታውን ለምን አላስቆሙም? በስልክ አላናግራችሁም። እዚሁ፣ ከስሜ ሥር፣ አስተማሪዋ እያነበበች መልሱ።»