ከጆሮ ኋላ የተቆረጠው

አሮጊቷ ከወንበሩ ወርደው ወለሉ ላይ ሲንበረከኩ፣ ጸጉር ሠሪዋ እጇን በሽርጧ ኪስ ውስጥ እንደጨበጠች ቆማ ቀረች። በጭብጧ ውስጥ አሁን ስትቆርጣቸው የደበቀችው ነጭ ጸጉር ነበር። ቅጠሉ ረግፎ ዛፉ ራቁቱን በሚቀርበት በዚህ ሰሞን ጠንቋይ ጉልበት ያገኛል ይባላል፤ ከጸጉሩ ቆንጥሮ የያዘበትን ሰው ግን ብርዱ እስኪወጣ አይነካውም። ስለ እኚህ ሴትዮ ደግሞ ያልተወራ አልነበረም።

“እማማ፣ ይተዉት፤ እኔ እጠርገዋለሁ” አለች። አሮጊቷ ግን ነጩን ከሌላው ደንበኛ ጥቁር እየለዩ ለቅመው መሐረባቸው ላይ ያኖሩ ነበር። ነፋሱ በሩን ገፋ ሲያደርገው ሁለቱም ክው አሉ። ሊደግሙብኝ ነው፣ አለቀልኝ ብላ አሰበች ጸጉር ሠሪዋ።

አሮጊቷ መሐረቡን ቋጥረው ቀና ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

“ከጆሮዬ ኋላ የቆረጥሽው የለም” አሉ። “ልጄ፣ ምን በደልኩሽ? ሰፈሩ ሁሉ ጠንቋይ ናት ሲልሽ፣ ኧረ እሷስ እንደዚያ አይደለችም እያልኩ የምሟገትልሽ እኔ አይደለሁም እንዴ? በልጆችሽ ይዤሻለሁ፣ መልሺልኝ።”

ጸጉር ሠሪዋ የለሁበትም ልትል አፏን ከፈተች። አሮጊቷ ግን የሚያዩት አፏን አልነበረም፤ ኪሷን ነበር።