ከውሃው በታች ያለው ደጃፍ

ታሂር ብሎኑን አጥብቆ ቀና ሲል የዓሣ መፈለጊያው መሣሪያ ስክሪን አሁንም ባዶ ነው። ሽቦውን ከሞተር ሳይክል ባትሪው ላይ ነቅሎ መልሶ ይሰካዋል። መብራቱ ይበራል፤ ሌላ ግን ምንም የለም።

«የሸጡልህ ሰዎች አታለውህ እንዳይሆን» ትለዋለች እህቱ ሀጀራ፣ ከጀልባዋ አፍንጫ ላይ ቁጢጥ እንዳለች።

ጎንበስ ብሎ ከኋላ ያያል። ሴንሰሩ፣ ያ አውራ ጣት የሚያህል ጥቁር ነገር፣ ከውሃው በላይ በአየር ላይ ተንጠልጥሏል።

«እትዬ፣ እስቲ ወደ መሀል ጠጋ በይ። አንቺ ፊት ስትሆኚ ኋላው ይነሳብኛል።»

«ወፍረሻል ነው የምትለኝ?»

«ወላሂ አልወጣኝም!»

እየሳቀች፣ ጠርዙን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛ ትጠጋለች። ጀልባ ላይ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው። ሴንሰሩ ውሃው ውስጥ ጥልቅ ይላል፤ ወዲያው ከስክሪኑ ቀኝ ወፍራም መስመር ብቅ ብሎ ወደ ግራ መሳብ ይጀምራል።

«ያውልሽ! ይሄ መሬቱ ነው። ሴንሰሩ ወደ ታች ድምፅ ይልካል፤ ድምፁ መሬት ነክቶ ሲመለስ እዚህ ላይ ይስለዋል። ዓሣ ካለ ደግሞ እንደ ቅንድብ ሆኖ ይታይሻል።»

«እኛ ድምፁን አንሰማውም?»

«አንሰማውም።»

ሀጀራ ጎንበስ ብላ ውሃውን ታያለች።

ግድቡ በሞላ ሰሞን መረብ የጣለ ሁሉ ያወጣ ነበር። አሁን ዓሣው የት እንደገባ አይታወቅም። የታሂር ጓደኞች ተስፋ ቆርጠው ዋጃ ከተማ ለቀን ሥራ ሄደዋል። እሱም ይህ መሣሪያ ካልያዘለት ጀልባዋን ሊሸጥ ቆርጧል። ዛሬ ሊሞክረው ሲነሳ ሀጀራ «እኔንም ይዘኸኝ ግባ» አለችው። ሩቅ አገር፣ አሳይታ ከተማ የተዳረች ናት፤ ውሃው የተወለዱበትን ሰፈር ከዋጠው ወዲህ ስትመጣ ገና አሁን ነው።

ታሂር በቀስታ ይቀዝፋል። መስመሩ ከፍ ይልና ይስተካከላል። ሀጀራ ቀና ብላ የዞብልን ተራራ ታያለች፤ ዓይኗን መልሳ ስክሪኑ ላይ ትጥላለች።

«አውድማው ነው» ትላለች።

«የቱ?»

«ይሄ ሜዳው። ከዞብል ትይዩ ሌላ ሜዳ መቼ ነበረን? አባዬ እዚህ ማሽላ ሲወቃ እኛ ከአገዳው መሀል ጥንቅሽ እንለቅማለን። ሙሚና በጥርሷ መላጥ ስለማትችል እኔ እየላጥኩ አጎርሳታለሁ። ጭማቂው በአገጯ ወርዶ ደረቷ ላይ ይደርቅና ዝንብ ይወራታል። እሷ ምን ገዷት!»

ታሂር መቅዘፊያውን ያዘገያል። ታላቅ እህቱን ሙሚናን አያውቃትም። በስድሳ ስድስቱ ክፉ ቀን እሱ ከእናቱ ጀርባ ያልወረደ ሕፃን ነበር። እናታቸውም እስክትሞት ድረስ ያንን ስም አንስታ አታውቅም።

«ወደ ግራ በል» ትለዋለች። «በጓሮ በኩል እንሂድ።»

በእግሯ የምትሄድ ነው የምትመስለው። መስመሩ ጎድጎድ ሲል «የጎርፉ ቦይ» ትላለች፤ እግሯንም ሳታውቀው ሰብሰብ ታደርጋለች። ትንሽ አልፈው «እዚህ ጋ የነየሻረግ በር ነው። ውሻቸው ክፉ ነበር፤ ሁልጊዜ ድንጋይ ይዘን ነው የምናልፍ» ትለዋለች። ታሂር ይስቃል። እሱ የሚያስታውሰው ሰፈር ከረሃቡ በኋላ እንደገና የተሠራውን ነው። የእሷን ሰፈር ዛሬ ገና ማየቱ ነው።

ከመሬቱ መስመር ላይ ቀጥ ቀጥ ያሉ ጭረቶች ይቆማሉ።

«ግራሮቹ!» ትላለች ሀጀራ። ክንዱን ትይዘዋለች። «አቁም። ሙሚና እዚህ ናት።»

ነፋሱ እንዳይወስዳቸው ታሂር መቅዘፊያውን ወደ ኋላ እየገፋ ጀልባዋን ያጸናታል።

«ከብቱ አልቆ፣ በለሱም ከቁልቋሉ ላይ አልቆ ነበር። አባዬ እህል ፍለጋ ወልዲያ ወጥቶ ቀርቷል። ጎረቤቱ ሁሉ እርዳታ ፍለጋ አስፋልት ወርዷል፤ መቃብር የሚቆፍር ወንድ የለም። እማዬ ናት በመቆፈሪያ የቆፈረች። እኔ አንተን አዝዬ አፈሩን በእጄ አወጣለሁ። ድንጋይ እንኳ አላስቀመጥንባትም፣ አቅም አጣን። በነጋታው እኛም ወደ ጎብዬ ወጣን።»

«ግድቡ ሲሠራ የሁሉንም አፅም አነሳን፣ እትዬ። የእሷን ቦታ ማንም አልነገረን።»

«ማን ይንገርህ? የምናውቀው እማዬና እኔ ነን።»

መዳፏን ዘርግታ ለሙሚና ከቁርኣን ፋቲሃን ትቀራለች። ታሂር እጁ ከመቅዘፊያው መላቀቅ ስለማይችል በከንፈሩ ይከተላታል። «አሚን» ይላሉ።

ከዚያ ስክሪኑን ያያል። በግራሮቹ መሀል ቅንድብ በቅንድብ ላይ ተደራርቧል። ወር ሙሉ ሲፈልገው የከረመው ዓሣ እዚህ ነው። ቶሎ ብሎ አንድ እጁን ከመቅዘፊያው ያላቅቅና ስክሪኑን ይሸፍነዋል።

«ዓሣ ነው አይደል?» ትላለች።

«ነው። እዚህ ግን መረብ አልጥልም። ሌላ ቦታ እንፈልግ።»

ሀጀራ እጁን ከስክሪኑ ላይ ታነሳለች። ቅንድቦቹን ረጋ ብላ ታያቸዋለች።

«ሙሚና ርቧት ነው የሞተች፣ ታሂሬ። ልጆችህ ከደጇ ቢበሉ ይከፋታል ብለህ ነው? ይልቅ ቢስሚላህ በልና ጣል።»

ታሂር ይቆማል። መረቡ ከቅርንጫፎቹ እንዳይያዝበት ከግራሮቹ ፈቀቅ ያደርግና ይወረውረዋል። መረቡ አየር ላይ ተዘርግቶ ውሃውን ይመታል፤ ጠርዙ ላይ የታሰረው እርሳስ እየሳበው ይሰምጣል። ገመዱ በታሂር ጣቶች መሀል እየሾለከ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ከዚያ ይረግባል።

ሀጀራ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታስራለች። ሳይጠራት ከጎኑ ተንበርክካ ገመዱን ትይዛለች። አብረው ይስባሉ። ገመዱ ይከርራል፣ ጀልባዋ በእነሱ በኩል ታዘነብላለች፣ ከታችም መረቡ የያዘው ዓሣ በብዙ ኃይል መልሶ ይጎትታቸዋል።