የግራው በር ስፒከር

«ሌባ!» አለ እንዳሻው፣ መሪውን በቡጢ እየነረተ። «የግራውን ስፒከር ከየትኛው ቆሻሻ ለቅመህ ነው የገጠምክልኝ?»

ታጁዲን በተከፈተው የሾፌር በር አጠገብ፣ ካቻቪቴውን እንደያዘ ቀና አለ። ጭሮ ውስጥ የመኪና ቴፕ መግጠም ከጀመረ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ብዙ ተሰድቧል፣ ሌባ ተብሎ ግን አያውቅም፤ ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ ግማሹ ገበያ እየሰማ።

«አቦ ተው እንጂ! ሁለቱም ከአንድ ካርቶን ነው የወጡት። ካርቶኑን የቀደድከው አንተው አይደለህ?»

«ታዲያ ቀኙ የዘፈኑን ዋሽንት ሲያንቆረቁረው ይኼኛው ለምን ዱም ዱም ብቻ ይላል? ዋሽንቱ የታለ? በላኸው?»

እንዳሻው ጫት አመላላሽ ነው። በዚችው ፒክአፕ ከሂርና ጭኖ ወደ ሚኤሶ ቆላ ይወርዳል። ቅጠሉ ሳይጠወልግ መድረስ አለበትና ከተማ ባገኘ ቁጥር የሚያልፈው ክላክሱን ተጭኖ ነው። ክላክሱም የፒክአፕ አይምሰላችሁ፤ ከከባድ መኪና የተነቀለ ጥሩምባ ነው፣ ከራሱ መስኮት በላይ ጣሪያው ላይ የተተከለ። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ታጁዲን «ከፊት፣ ከኮፈኑ ሥር ይሁንልህ» ቢለው፣ «እኔም ልስማው እንጂ!» ብሎ በግድ እዚያ አስተከለው።

ዘንድሮ ታዲያ ሙዚቃ እምቢ አለው። መጀመሪያ በዘፋኞቹ ፈረደ፤ የዛሬ ልጆች ዋሽንት መንፋት አቃታቸው አለ። ቀጥሎ ፍላሹን ነቅሎ በመስኮት ወረወረ። በመጨረሻ ፋብሪካው ከመኪናው ጋር የሰጠውን ስፒከር የመራገም ተራ ደረሰ። ይኸው ዛሬ አስነቅሎ በአዲስ አስቀየረ፣ አዲሱም ያው ሆነበት። ደሙ ቢፈላ አይፈረድበትም።

«እኔን የዋሸኝ ምን እንደሚሆን ሂርና ሄደህ ጠይቅ» አለ፣ ጣቱን ታጁዲን አፍንጫ ላይ ደቅኖ። «ያ የባጃጅ ሾፌር፣ ሳቢት የሚሉት፣ በግራዬ መጥቶ ጎማዬ ሥር ሊገባ ለጥቂት ተርፎ፣ ‹ሦስቴ ክላክስ አድርጌልሃለሁ› አይለኝም? ወርጄ በጥፊ አጮልኩት። ሽማግሌ ፊት ቀረብን። እሱ ወላሂ አለ፤ እኔ ደግሞ በቁልቢው ገብርኤል፣ ክላክስ የሚባል ነገር አልተነካም ብዬ ማልኩ። ማን ታመነ? ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ስሞ ይቅርታ ጠየቀኝ!»

«ሰምቻለሁ» አለ ታጁዲን። «የአክስቴ ልጅ ነው።»

እንዳሻው ንዴቱ ጭራሽ ባሰበት። «አሃ! ለካ ቂም ነው! የዘመድህን በእኔ መኪና ልትወጣ!»

ታጁዲን የሁለቱንም በር ስፒከር ፈታ። የቀኙን ወደ ግራ፣ የግራውን ወደ ቀኝ አዛወረና ብሎኖቹን አጠበቀ። ከዚያ ቴፑን እስከ መጨረሻው ከፈተው።

«አሁንም ከቀኝ ብቻ!» ብሎ ጮኸ እንዳሻው። «ሽቦውን ነው ያበላሸኸው! ግራው ሞቷል እያልኩህ!»

ከሾፌሩ በር ጥቂት እርምጃ ርቃ ቲማቲም የምትሸጥ ሴት ሁለቱንም ጆሮዋን በመዳፏ ደፍና ፊቷን አጨማደደች። ታጁዲን ሴትዮዋን አየ። ቀጥሎ ጣሪያው ላይ የተተከለውን ጥሩምባ አየ። ካቻቪቴውን ኪሱ ከተተና የቴፑን ድምፅ ዝቅ አደረገው።

«እንዳሻው፣ ወንበሩ ላይ ተንበርከክ።»

«ምን አልክ?»

«ፊትህን ወደ ኋላው መስታወት አዙረህ ተንበርከክ። እኔ ምንም አልነካም፣ ሁለት እጄ ይኸው። ዋሽንቱ በየት በኩል እንደሚመጣ ብቻ ንገረኝ።»

«እኔን? ገበያ መሃል?» አለ እንዳሻው። የሚያየውን ሰው ሁሉ በዓይኑ ዞረው። «እሺ! ሌብነትህ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይታያል!» ብሎ ተንበረከከ፣ ጀርባውን ለመሪው ሰጥቶ፣ ግንባሩ መስታወቱን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው። አሁን የሾፌሩ በር በቀኙ ሆነ።

ዋሽንቱ መጣ። ሞቷል ካለው ከሾፌሩ በር፣ ጥርት ብሎ፣ አንድም ሳይጎድል መጣ። እስካሁን ሲያንቆረቁር የነበረው የወዲያኛው በር ደግሞ ዱም ዱም ብቻ ሆነ።

ቀኝ ጆሮውን በጣቱ ደፈነው። ዋሽንቱ ጠፋ። ጣቱን አነሣ፤ ዋሽንቱ ተመለሰ። ደግሞ ደፈነው።

«ምን አድርገህ ነው?» አለ እንዳሻው፣ አሁን ግን ሳይጮህ።

«ምንም» አለ ታጁዲን። «አልነካሁም አልኩህ እኮ።»

እንዳሻው የሚቆጣው ሰው ፈለገ። ታጁዲን እጆቹን እንደ ዘረጋ ቆሟል። ዘፋኞቹም፣ ፋብሪካውም፣ ሽቦውም ነጻ ወጡ፤ ዋሽንቱን የበላው የገዛ ግራ ጆሮው ነበር። የቀረው በዚያው በግራው የመጣበት የባጃጁ ልጅ ነው፤ ጉንጩን ይዞ «ወላሂ ሦስቴ፣ ወላሂ» እያለ የቆመው። ንዴቱ አሁንም ደረቱ ውስጥ እንደ ነደደ ነው፣ ግን ከራሱ በቀር ማንም ላይ ሊያሳርፈው አልቻለም።

ታጁዲን ቴፑን ዘጋው። «በቃ ውረድ» አለው ቀስ ብሎ። «ሰው ያይሃል።»

እንዳሻው አልወረደም። አቀርቅሮ ወንበሩ ላይ የተተከሉትን ጉልበቶቹን አየ። ሳቢት የሳመው የቀኙን ነበር።