ማሽኑ እየሮጠ የተነገረ

«ክቡራትና ክቡራን ወላጆች! በትዕግሥት ስንጠብቀው የነበረው የአዳራሻችን ሦስተኛ ማራገቢያ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ መዞር መጀመሩን ሳበስር የሚሰማኝ ደስታ ወደር የለውም!»

ርእሰ መምህሩ ይህን ብለው ጣታቸውን ወደ ጣሪያው ቀሰሩ። ወላጆች ሁሉ ቀና አሉ። ማራገቢያው አንዴ ዞረ፣ ቆም ብሎ ያሰበ መሰለ፣ ደግሞ ዞረ። ተጨበጨበለት። የዚያን ቀን ለሁሉም ነገር ይጨበጨብ ነበር።

ልጅቷ ከስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር ከኋላ፣ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ስልጠናው የወላጆች ነው፤ «ልጆቹም ይስሙ» ተብሎ ግን ተሰልፈው ገብተዋል። ከጎኗ፣ ክፍል ውስጥ አብራት የምትቀመጠው ጓደኛዋ ቆማለች። የሰማችውን ወሬ እስከ ዕረፍት ሰዓት ማቆየት ስለማይሆንላት ክፍሉ በሙሉ «ሬዲዮ» ይላታል።

«ያ አባትሽ አይደል? ኮቱ ሲያምርበት!»

«ራሱ የሰፋው ነው» አለች ልጅቷ፣ እንደ ተራ ነገር ለማስመሰል እየሞከረች።

አባቷ ልብስ ሰፊ ነው። ዛሬ የተጠራው ልጁን በማዳመጥ «ምርጥ ተሞክሮ» ያለው ወላጅ ተብሎ ነው። ያስመረጠችውም ራሷ ናት፤ «ቤት ውስጥ ማን ያዳምጥሻል?» የሚል መጠይቅ ሲታደል፣ ሌላው እርሳሱን ሲያኝክ እሷ «አባዬ» ብላ ጽፋ አስረከበች። የሚናገረውንም አብረው አጥንተዋል። ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው፦ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እንዴት ዋልሽ እላታለሁ። ሳላቋርጥ እሰማታለሁ። አመሰግናለሁ።

እውነትም ይሰማታል። እሱ ፔዳሉን እየረገጠ ይሰፋል፣ እሷ የጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ እግሯን አንጠልጥላ ታወራለች። ማሽኑ ሲሮጥ ደጅ ያለ ሰው አይሰማም፤ አባቷም ዓይኑ ስፌቱ ላይ ስለሆነ ፊቷን አያያትም። አንድ ሕግ አላቸው፤ ማሽኑ እየሮጠ የተነገረ ነገር፣ ማሽኑ ሲቆም አብሮ ይቆማል። ሕጉን ያወጣው እሱ ነው።

አባቷ ተጠርቶ መድረኩ ላይ ወጣና ሦስቱን ዓረፍተ ነገሮች አሳምሮ ተናገረ። ለማራገቢያው ያጨበጨበ ሕዝብ ግን ዝም አለ። ስልጠናውን የምትሰጠው የሥነ ልቦና አማካሪ ፈገግ ብላ፣ «አንድ ምሳሌ ቢጨምሩልን?» አለች።

አባቷ አንገቱን አከከ። «ምሳሌ… እንግዲህ፣ ልጄ ተነስተሽ አንብቢ ስትባል ትፈራለች።»

«ውይ፣ የኔም እንደዚሁ!» አለች አንዲት እናት። ከፊት የተቀመጡት ሳቁ።

ሳቁን ወደደው። ልጅቷ ከዚያ ሁሉ ርቀት አየችው፤ ትከሻው ሰፋ፣ እጁ ከኪሱ ወጣ።

«አንድ ቀንማ እያነበበች እግሯ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከዚያማ…» ድምፁን ዝቅ አደረገ። ማይክሮፎኑ ግን ዝቅ አላደረገለትም። «ሽንቷ አመለጣት። ታዲያ ብልጠቷን እዩልኝ! ቶሎ ብላ የውሃ ኮዳዋን ቀሚሷ ላይ ገለበጠችው። ‹ውይ፣ ውሃ ደፋሁ!› እስከ ዛሬ የነቃባት የለም!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

«ያልተቆጣኋትም ስላዳመጥኳት ነው!» አለ፣ በጭብጨባው ላይ እየጮኸ።

ያን ቀን ሹራቧን አውልቃ ወገቧ ላይ ያሰረችላት ሬዲዮ ነበረች። አሁን ቀስ ብላ ዞረች። «ሹራቤን…» ብላ ጀመረችና፣ ከተዋወቁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትለው ጠፋት። ግማሽ እርምጃ ራቀች።

ልጅቷ አላለቀሰችም። ጆሮዋ ብቻ ጋለ። ማንም ሰው ቢያዋርዳት እኮ ሄዳ ለአባቷ ትነግረው ነበር። ይሄንን ለማን ትንገር?

ርእሰ መምህሩ የምስክር ወረቀት ይዘው ብቅ አሉ። «እስቲ ጮክ ብለው ያንብቡልን!»

አባቷ ወረቀቱን ተቀበለ። አራቀው፣ አቀረበው፣ ኪሱን ዳበሰ። «መነጽሬን ቤት ረስቼው…»

መነጽር የሚባል ነገር ቤታቸው ገብቶ አያውቅም። አባቷ መርፌ ላይ ክር የሚያስገባው በአንድ ሙከራ ነው። ከፊደል ጋር ግን አይተዋወቅም። ይህን የነገራትም ማሽኑ እየሮጠ ነው። ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት የሚመጣውን ደብዳቤ ሁሉ የምታነብለት እሷ ናት። ለእሱ ስታነብ እግሯ አይንቀጠቀጥም።

«እንግዲያው ወረቀቱ ይቆየንና ልጅቷ ትምጣልን!» አለች አማካሪዋ።

ከኋላ ገፋ ገፋ አደረጓትና ፊት ደረሰች። አማካሪዋ ማይክሮፎኑን አፏ ላይ ደቀነች።

«ጎበዝ! አትፍሪ፣ እሺ? አባትሽ ቤት ውስጥ ምን ምን ያነብልሻል?»

ልጅቷ አባቷን አየችው። ፈገግታው ፊቱ ላይ ነበር፤ ዓይኑ ውስጥ ግን አልነበረም። ወረቀቱን ሊቆረጥ እንደተዘጋጀ ጨርቅ በሁለት እጁ ወጥሮ ይዞታል። መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል። አጭር ነው፣ ሁለት ቃል አይሞላም። ይህንን አዳራሽ ከውሃ ኮዳው የበለጠ ያስቀዋል።

«አልናገርም» አለች።

«ምነው የኔ ቆንጆ? አፍረሽ ነው?»

«አልናገርም አልኩ።»

«ስሜቷን እናክብርላት!» አለች አማካሪዋ። ለዚህም ተጨበጨበ።

ልጅቷ ማይክሮፎኑን ትታ ወደ በሩ ሄደች። አባቷ ጭብጨባው ሳያልቅ ተከተላት። በሩ ጋ ደረሰባትና ጎንበስ አለ። ግንባሩ በላብ ርሷል።

«እናቴ» አለ በሹክሹክታ፣ «ለእኔ ብለሽ ነው፣ አይደል?»

በሩን ገፋ አደረገችው።

«ንገሪኛ። አዝነሽልኝ ነው? ወይስ ተቀይመሽኝ ነው?»

«አልነግርህም።»