«እፈልጋለሁ» በስፓኒሽ

አስጎብኚዋ ዘርፌ በስፓኒሽ «እፈልጋለሁ» ማለት አቅቷት ነበር። ግሱ «ኬሬር» ሆኖ ሳለ «ኪዬሮ» መባሉ አልዋጥ ብሏት ሁልጊዜ «ኬሮ» ትላለች። ኩባ ተምሮ የመጣው መምህሯ ልሳነወርቅ ግን አንድም ቀን አልተሰላቸም።

«አይዞሽ፣ ይለመዳል» ይላታል።

«እርስዎ ባይታገሱኝ ኖሮ ድሮ ትቼው ነበር።»

በመጨረሻው ትምህርት ተማሪዎቹን በየተራ ሲጠይቅ ቆይቶ እሷ ዘንድ ሲደርስ ድምፁ ተንቀጠቀጠ። ከረጅሙ ጥያቄ የገባት «ትፈልጊያለሽ?» የምትለዋ ብቻ ናት።

«ሲ፣ ኪዬሮ!» አለች ሳትሳሳት።

ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ዘርፌ በደስታ አጠገቧ ወደተቀመጠችው ሴት ዞረች።

«ለመሆኑ ምን ነበር ያለኝ?»

«‹ላግባሽ ወይ?› ነው ያለሽ!»

ቀና ብላ አየችው። ላብ አጥምቆታል።

«በል» አለችው እየሳቀች፣ «አሁን ደግሞ በአማርኛ ጠይቀኝ።»