የጥሩነሽ ንቅሳት

መዥገር የሻረግን በነከሳት በሳምንቱ ባቷ ላይ መሃሉ ነጣ ያለ ቀይ ቀለበት ወጥቶ እየሰፋ ሄደ። እሷም ሳትውል ሳታድር ጤና ጣቢያ ገባች። ከዓመታት በፊት እህቷ ጥሩነሽ ያንኑ ቀለበት ስታወጣ ጭርት ነው ብለው ነጭ ሽንኩርት ቀብተዋት ነበር፤ ከወራት በኋላ በሽታው ልቧ ገብቶ ገደላት።

ነርሷ መክሊት የሚያበራ ስስ ጨርቅ እግሯ ላይ ጠቀለለችላት። «እትዬ፣ ይኼ መድኃኒት በቆዳ የገባን ባዕድ ነገር ሁሉ ከመላ ሰውነት ጠርጎ ያወጣል። የአንገትዎ ንቅሳትም አይቀርም።»

«በእሾህ የነቀሰችኝ ጥሩነሽ ናት። እሱን እንኳ ተይልኝ።»

«እኔ ብተወው እሱ መች ይተዋል? ካልፈለጉ ጨርቁን አሁኑኑ ላንሳው።»

የሻረግ እያለቀሰች ሳቀች። «ይሥራ ተይው። እሷ ብትኖር በጥፊ ነበር የምትለኝ።»

ቀለበቱ እንደ ጤዛ ተነነ። መስታወት ስታነሣ የአንገቷ ሰማያዊ መስመሮችም አንድ በአንድ እየጠፉ ነበር። የመጨረሻው ሲሄድ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አንገቷ ባዶ ሆኖ፣ ጥሩነሽ እሾኋን ይዛ «ቀና በይ፣ አትንቀሳቀሺ» ያለቻት ዕለት የነበረውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ አንገት መስሎ ታያት።