አሥራ ሁለተኛው መዥገር

ሐኪሙ የሰፈሩን ሰው የሚያየው ከሚያክመው እንስሳ አሳንሶ ነበር። አሮጊቷ ከዛፍ ሥር ያገኘቻትን ሽኮኮ በሻርፕ ጠቅልላ ስትገባ ከንፈሩን ጠመም አደረገ።

«እማማ፣ ዛሬ ደግሞ የጫካ አይጥ ይዘው መጡ?»

መድኃኒቱ በክብደት ስለሚሰጥ ሽኮኮዋን ሚዛን ላይ አወጣት፤ ሦስት መቶ ግራም። አንገቷን መዥገር ወሮታል። እዚያው ሚዛኑ ላይ እንዳለች መዥገሮቹን በወረንጦ እየነቀለ አልኮል ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ይጥል ጀመር።

«ዶክተር፣ አንዱን እንኳ ይተዉላት» አለች አሮጊቷ።

«ለምን? ለዘር?»

አሥራ አንደኛውን ሲነቅል ዓይኑ ሚዛኑ ላይ አረፈ፤ ሃያ አምስት ግራም ይላል።

«ሚዛኑም እንደ እርስዎ ጃጀ!» ብሎ በጥፊ መታው። ሽኮኮዋ ንቅንቅ አላለችም።

አሥራ ሁለተኛውን፣ የመጨረሻውን፣ ነቀለ። ሽኮኮዋ እንደተቀመጠች ናት፤ ሚዛኑ ግን ዜሮ አለ።

ሐኪሙ እየሳቀ ብልቃጡን ሊከድን አነሳው። ከብዶ ክንዱን ወደ ታች ጎተተው። ከውስጥ ጥፍር ያለው ነገር ብልቃጡን ቧጨረ።

«በሉ፣ ሽኮኮዬን ይስጡኝ» አለች አሮጊቷ። ሻርፗን የዘረጋችው ወደ ብልቃጡ ነበር።